ብቻዋን ናይሮቢ የምትሄደውን ልጅ ጉዞ ለመደንገግ የወጣ የቤተ ዘመድ አዋጅ

የሳሎን ነጋሪት ጋዜጣ
አንደኛ ዓመት፣ ቁጥር 1። የአንዱ ዋጋ፦ አንድ ስኒ ቡና

አዋጅ ቁጥር 1/2018

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ልጃችን 31 ዓመት ሞልቷት፣ የራሷን ደመወዝ እየበላች፣ "ለአንድ ሳምንት ናይሮቢ ደርሼ እመጣለሁ" ብላ ምሳ ላይ በማስታወቋ፤

"ከማን ጋር?" ተብላ ስትጠየቅ "ብቻዬን" በማለቷ፣ ጉባኤውም አራት ጊዜ ጠይቆ ያንኑ መልስ በማግኘቱ፤

ጉዞው ለሥራም፣ ለሕክምናም፣ ለሠርግም ሳይሆን "እንዲሁ ለማየት" መሆኑ በመረጋገጡ፤

ትኬቱን አስቀድማ ስለቆረጠች፣ መከልከል ያልተቻለውን መፍቀድም የሽማግሌ ወግ በመሆኑ፤

የቤተ ዘመድ ጉባኤ የሚከተለውን አውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ "የብቸኛ ተጓዥ አዋጅ" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። እናት "ጉድ ፈላ" ብለው ቢጠቅሱትም ያው ነው።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) "ብቻ" ማለት በአካል አንድ፣ በስልክ አሥራ አራት ሰው ማለት ነው፤

ለ) "ትንሽ እቃ" ማለት ሰጪዋ በሁለት እጇ የማታነሳው፣ "አደራሽን" የሚል ቃል የተጨመረበት ማንኛውም ጥቅል ነው፤

ሐ) "ዘመድ" ማለት ናይሮቢ የሚኖር ሰው የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ነው፤

መ) በሴት ፆታ የተገለጸው ወንድንም ይጨምራል። ይሁንና ወንድ ልጅ ሲሄድ አዋጅ ወጥቶ አያውቅም።

3. ስለ ሰነድ

ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ይህ በተነበበ ጊዜ ሦስት የጉባኤው አባላት "እንግዲያው እኛም እንሸኛታ!" ብለው ተነስተው ነበር፤ የትኬቱ ዋጋ ሲነገራቸው ተቀምጠዋል። ቀን የሚጠይቅ ፎርም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሞላል። የልደት ዘመኗን በእኛ ከጻፈች ሰባት ስምንት ዓመት ያለ ጥፋቷ ታረጃለች፤ ገና ላላገባች ልጅ ይህ በጉባኤው ዘንድ ከባድ ኪሳራ ነው።

4. ስለ ሻንጣ

ከተፈቀደው 23 ኪሎ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ቅድሚያ አላቸው። ልብሷ በተረፈው ይገባል። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ስለከለከለች ማንኛውም አደራ በጨርቅ ይቋጠራል። ("ታዲያ ሰው እቃውን በምን ይይዛል?" የሚለው የአክስት ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።) ያልተፈታ ጥቅል ከባዕድ መቀበል ክልክል ነው። አክስት ባዕድ አይደለችም፤ ነገር ግን ሻንጣ የሚፈትሸው ሰውዬ የወንድሟ ልጅ ስላልሆነ የእሷም ይፈታል።

5. ስለ ሰዓት

ትኬቱ ላይ 10:15 ከተባለ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ መስሏት ቦሌ ብትደርስ አውሮፕላኑን በሰማይም አታገኘውም። ናይሮቢ ስትደርስ የእጅ ሰዓቷን አትንካ፤ ልዩነት የለም። ሰው ሲቀጥራት ግን በምን ቋንቋ እንደቀጠራት ታስተውል። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ቀኑን ከንጋት ይቆጥራልና "ሳአ ንኔ አሱቡሂ" ቢላት የእኛው የጠዋት አራት ሰዓት ነው፤ ያው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ሲያወራ አሥር ይለዋል። "ዳኪካ ታኖ" ካላት አምስት ደቂቃ ነው። ቃሉ ከእኛው "ደቂቃ" ጋር ዘመድ ስለሆነ ርዝመቱም ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፍ ይዛ ትጠብቅ።

6. ስለ ገንዘብ

"ኤልፉ" ሲሏት አትደንግጥ። በእኛ እልፍ አሥር ሺህ ነው፤ በእነሱ አንድ ሺህ። ደንግጣ ከከፈለች ግን ትርፉን ማንም አይመልስላትም። እዚያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎመን ዋጋ ሳይቀር በስልክ በኤም-ፔሳ ይከፈላል፤ ስለዚህ እናት በቀሚሷ ገበር ውስጥ የሰፉላት ዶላር ከቀሚሱ ሳይወጣ ይመለሳል።

7. ስለ መንገድና ስለ አውሬ

ኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ መንገድ ስትሻገር አስቀድማ ወደ ቀኝ ታያለች። ማታቱ የሚባለው ታክሲ ሙዚቃው ከሞተሩ ስለሚበልጥ በውስጡ ሆና ከቤት ቢደወልላት የማትሰማ መሆኗን ጉባኤው ከወዲሁ ያውቃል፤ ምክንያት አድርጋ ግን ሁልጊዜ አታቅርብ። ከከተማው ጥግ ያለውን፣ በ1946 እ.ኤ.አ. የተከለለውን የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ማየት ትችላለች። 6 ኪሎ አንበሳ ግቢ የታጠረው አንበሳው ነበር፤ እዚያ በመኪና የሚታጠረው ሰው ስለሆነ ከተፈቀደ ቦታ በቀር ከመኪና መውረድ ክልክል ነው።

8. ስለ ምግብ

ኡጋሊ ቅቤና በርበሬ የተረሳበት ገንፎ ቢመስልም እጅ ታጥቦ በእጅ ስለሚበላ ባዕድ አይደለም። የጉባኤው ጭንቀት ከምግቡ ሳይሆን ከወንበሩ ነው። አስተናጋጁ "ስንት ናችሁ?" ሲላት "አንድ" ማለት ይኖርባታል። ይህች ልጅ ተወልዳ እስካሁን "አንድ" ብላ ማዕድ ቀርባ አታውቅም። የመጀመሪያ ቀን ስልኳን እያየች፣ ሁለተኛ ቀን በመስኮት እያየች ትበላለች፤ በሦስተኛው ቀን የምግቡ ጣዕም ይሰማታል። ራሷን ብታጎርስ አትከሰስም።

9. ስለ ስልክ

ጠዋት ስትነሳ፣ ማታ ስትተኛ፣ በመካከሉም እናት ሕልም ባዩ ቁጥር ትደውላለች።

10. ስለ ስም

ፓስፖርቷ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረው የአያቷ ስም ነው። ስለዚህ በየመስኮቱ የሚጠራው እሱ ነው። እኚህ አያት በሕይወት ሳሉ ከሸኖ አልፈው አያውቁም፤ አሁን "ሚስ" ተብለው ድንበር ይሻገራሉ። ስሙ ሲጠራ ልጂቱ ዞር ዞር እያለች "ማነው እሱ?" እንዳትል።

11. ተፈጻሚነት ስለማይኖራቸው ጉዳዮችና ስለ ቅጣት

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም የራስ ፍላጎት ተፈጻሚነት አይኖረውም። የተላለፈች ተጓዥ በተከታታይ አራት እሑዶች ምሳ ላይ "ነግረንሽ ነበር" ትባላለች።

12. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ከጳጉሜን 7 ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

የሐሳብ ልዩነት

የጉባኤው ሰብሳቢ ሴት አያት አዋጁ ሲነበብ ጥጥ እየፈተሉ ዝም ብለው ቆዩ። ለፊርማ ሲቀርብላቸው "አሥረኛውን ድገሙልኝ" አሉ። ተደገመላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ካተሙ በኋላ ልጂቱን አስጠርተው ይህ ቃል ብቻ እንዲጨመር አዘዙ፦

"የቀረውን ተይው፤ እነሱ ሲያወሩ ይውላሉ። በአያትሽ ስም ሲጠሩሽ ግን ቶሎ አቤት በይ። እሱ ሁለት ጊዜ መጠራት አይወድም ነበር።"