ስኮርታ አለ?

አምስት ከአምስት ጋር አይገጥምም። ይህን የምለው ሒሳብ ጠፍቶኝ አይደለም። የእኔ ጣት አምስት ነው፣ የእናንተም አምስት ነው፣ ስንጨባበጥ ይገጥማል። ባለ አምስት ቀዳዳ ቸርኬ ግን ባለ አምስት ቀዳዳ ታምቡር ፊት ቀርቦ «አላውቅህም» ሲባል በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁት ሊማሊሞ ላይ ነው፤ ደባርቅን ጨርሰን፣ ዛሪማ ሳንደርስ፣ ገደሉ ጠርዝ ላይ። ነገሩ ካለፈ ዓመታት ሆኑት። ለእኔ ግን አላለፈልኝም።

የእህቴ ልጅ ጎንደር ውስጥ የ1966 ሞዴል ቮልስ አለው። እኔ ቮልስ እላለሁ፣ እሱ «ስፖርት መኪና» ይላል። ማስረጃ አያጣም። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ልጁ ፌሪ እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያውን 356 የተባለ ፖርሽ ሲሠራ ሞተሩንም እግሩንም ከቮልስ ወሰደ። ስለዚህ ቮልስ የፖርሽ አባት ነው። የፖርሽ አባት ደግሞ ስፖርት መኪና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በዚህ ስሌት እኔም በእናቴ አያት በኩል ደጃዝማች ነኝ። ጎንደር ተቀምጦ በዘር ሐረግ የሚከራከርን ሰው የሚረታ የለምና ዝም አልኩት።

ዘሩን ቆጥሮ ሲያበቃ ጫማ ሊቀይርለት ተነሣ። ፉክስ የሚባል የጀርመን ፋብሪካ ለፖርሽ 911 ኤስ የሠራው፣ ባለ አምስት ቅጠል አበባ የሚመስል የአሉሚኒየም ቸርኬ አለ፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። «እኩያሞች ናቸው» አለኝ፣ ሊያጋባቸው ሽምግልና የላከኝ ይመስል። የዚያን አምሳያ አራት ቸርኬ አንድ ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ ይዞለት መጣ።

መጣላት የጀመሩት ያኔ ነው። የድሮው ቮልስ አምስት ቡሎኖች የተደረደሩበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 205 ሚሊ ሜትር ነው፤ የወጥ ሳህን ያህላል። የአበባው ቸርኬ ክብ 130 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሻይ ማስቀመጫ ያህላል። እዚያም አምስት፣ እዚህም አምስት፣ አንዱ ግን ዳር ዳሩን ሲይዝ ሌላው እምብርቱን ይይዛል። መካኒኩ ለክቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ «ታምቡሩም አብሮ ይቀየር» አለ። አራቱም ተቀየሩ። ምን ያህል እንደወጣ አልጠየቅሁም፤ እህቴም እንዳትጠይቅ በዚህ አጋጣሚ እለምናለሁ።

ከጥምቀት ማግስት ዛሪማ ሠርግ ነበረብን። ዛሪማ የእኔ አገር ነው። በእኛ አገር ሰው መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሊማሊሞን የሚያውቅ ሁሉ ይጠይቀዋል።

«ስኮርታ አለ?»

«አለ ጋሼ።»

የፊቱን ክዳን ከፈተልኝ (የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ ዕቃው ከፊት መሆኑን ታውቃላችሁ)። ስኮርታው ጎማ ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ አየሩም ሙሉ ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ የብረት ቸርኬ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ በሚለው ተረት ሰውን እንጂ ጎማን ጠርጥሬበት አላውቅም ነበር።

አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አለፍን። ደባርቅ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ሻይ ጠጣሁ። ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ቆላ መውረድ ስንጀምር ጋቢው ወረደ፣ ቀጥሎ ኮቱ፣ ቀጥሎ ሹራቡ። ሊማሊሞ ሰውን በየጥምዝምዙ አንድ አንድ ልብስ የሚያስወልቅ መንገድ ነው። የዚያን ጊዜ ኮረኮንች ነበር። ቮልሱ ውኃ ስለሌለው አይፈላም፤ ይህን ለማመስገን አፌን እንደከፈትኩ ከስር «ጧ!» አለ። ድንጋይ የኋላውን ጎማ ጎኑን ሰንጥቆታል።

ክሪክ ገባ። ቮልስ እንደሌላው መኪና ቸርኬው የሚሰቀልበት ጥርስ የለውም። ቡሎኖቹ ሲፈቱ ሁሉም እጅህ ላይ ይቀራሉ፤ አዲሱን ጎማ በጉልበትህ ደግፈህ፣ ቀዳዳውን በአንድ ዓይንህ አነጣጥረህ የመጀመሪያውን ቡሎን መስደድ አለብህ። ልጁ ተንበረከከ። ደገፈ። አነጣጠረ። ከጎማው ጀርባ ድምፁ ጠፋ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የቸርኬው አምስት ቀዳዳዎች የታምቡሩን አምስት ቀዳዳዎች በሩቁ ከብበው ቆመዋል፣ ሠርግ ቤት እንዳልተጠሩ ዘመዶች።

«ታዲያ ይሄ ስኮርታ ሥራው ምንድን ነው?» አልኩት።

አሰበና «መስታወት ያጥባል ጋሼ» አለኝ።

ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር፣ እውነቱን ነው። በኋላ በወጡ ቮልሶች የፊት መስታወት ላይ ውኃ የሚረጨው በስኮርታው ጎማ አየር ግፊት ነው፤ ልጁም ለእሱ ያንኑ ገጥሞለታል፤ ቀጭን ቱቦ ከጎማው ወደ ውኃው ዕቃ ይሄዳል። እንግዲህ የእኛ ስኮርታ ከጎንደር ሊማሊሞ ድረስ የመጣው መስታወት ሊያጥብ ነው። ባለቤቱም አልዋሸም፤ «አለ?» አልኩ፣ «አለ» አለ። «ይገጥማል?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ለአንድ ሰዓት መኪና አላለፈም። ጥላ ስር ቁጭ ብዬ የማስበው አጣሁና ስለ መኪና ዕቃ ስሞች አሰብኩ። ጣልያን ይህን መንገድ ፈልፍሎ ሲሠራ ለዘላለም ሊኖርበት ነበር። በመስከረም 1934 ዓ.ም. እዚሁ አናታችን ላይ ያለው የወልቀፊት ምሽጉ እጁን ሰጠ፣ ኅዳር ላይ ጎንደር ተከተለ። አምስቱ ዓመት አለቀ ተባለ። የት አለቀ? ክሪኩ ጣልያን ነው። ቡሎኑ፣ ዳዶው፣ ታምቡሩ ጣልያን ነው። ጎሚስታው ሀበሻ ሆኖ ስሙ ጣልያን ነው። ካላማዳሪ የምንለውን እነሱ «ካሜራ ዳሪያ»፣ የአየር ክፍል ይሉታል፤ እኛ የቅመም ስም የመሰለ ነገር አድርገነዋል። አርበኞቻችን ከምሽግ ያስወጡትን ጣልያን ከመኪና ሥር የሚያስወጣው አልተገኘም።

ልጁ በበኩሉ ከቸርኬ አልወጣም። እንግሊዞች ከእሱ የባሰ እንደሚቸገሩ ነገረኝ፣ ሊያጽናናኝ። የእነሱ የድሮ ስፖርት መኪና፣ ኤምጂ ሆነ ጃጓር፣ ቸርኬው እንደ ብስክሌት የሽቦ ነበር። ኤምጂ ቢ 60 ሽቦ አለው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ ታይፕ 72። ሽቦዎቹ ቸርኬውን በስተው ስለሚያልፉ ካላማዳሪ የግድ ነው። አንዱ ሲላላ ሌላው ይከተላል፤ ሁሉንም እንደ ክራር እየቃኙ መኖር ነው። ጎማው የሚያዝበት ዳዶ አንድ ብቻ ሲሆን ሁለት ጆሮ አለው፤ በመዳብ መዶሻ ጆሮውን እየመቱ ያጠብቁታል፤ በቀኝ በኩል ያለው ወደ ግራ፣ በግራ በኩል ያለው ወደ ቀኝ ይጠብቃል። የተሳሳተ ሰው እያጠበቀ መስሎት ይፈታል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1968 ጆሮ ያለውን ዳዶ ከለከሉ፤ መንገደኛ ይጎዳል ብለው። እውነታቸውን ነው፤ ጎንደር ፒያሳ ቢያልፍ ኖሮ ስንት ነጠላ ጎትቶ ይሄድ ነበር። ሽቦው የመረራቸው ወደ ተራ የብረት ቸርኬ ሲቀይሩ ማቀፊያውን ሁሉ መለወጥ አለባቸው፤ የኤምጂ ቢ የኋላ አክስል ሳይቀር ለሽቦው ተብሎ ያጠረ ነውና እሱም በረጅሙ ይተካል።

«አየህ» አለኝ፣ «እነሱ አክስል ይቀይራሉ። እኔ ታምቡር ብቻ ነው የቀየርኩት።»

የእኔ ሐሳብ ግን ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን፣ ያንን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሠረገላ ሲያስጎትቱ ወራት ፈጀባቸው። መንገዱን እያስጠረቡ ነው የሄዱት። የሠረገላው መንኮራኩር ሲሰበር ምን ያደርጉ እንደነበር አሰብኩ። መቼም እሳቸው ፊት ቆሞ «ስኮርታው አለ ጃንሆይ፣ ግን አይገጥምም» የሚል ሰው አልተፈጠረም።

ይህን እያሰብኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ቆይ» አልኩ፣ «ያ የመጀመሪያው ፖርሽ፣ የቮልስ ልጅ ያልከው 356፣ ቀዳዳው ስንት ነበር?»

«እንደ ቮልሱ ነው ጋሼ። 205።»

«ስለዚህ ያወለቅኸው ቸርኬ የፖርሽ ልክ ነበር።»

ዝም አለ።

«አራቱ የት አሉ?»

«ለልዋጭ ሰጠኋቸው።»

«በምን?»

«በሁለት የፕላስቲክ ሳፋ።»

እዚህ ላይ ቀልዱ ቀረ። ተናደድኩ፤ ስጽፈው እንኳ ደሜ ይፈላል። ዛሪማ ስማር የትምህርት ቤታችን ደወል ዛፍ ላይ የተሰቀለ የካሚዮን ቸርኬ ነበር። በብረት ሲመታ ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ሳይቀር ይጠራል። ፊደል የቆጠርኩት በቸርኬ ነው ማለት ይቻላል። ጎማው ሲያልቅ በረባሶ ይሆናል፣ ካላማዳሪው የአህያ ጭነት ማሰሪያ ይሆናል፣ ቸርኬው ደወል ይሆናል። እኛ እንዲህ ነበርን፤ ምንም አንጥልም ነበር። ንጉሥ ሲወርድ፣ ደርግ ሲመጣ፣ ደርግ ሲሄድ ቀጥ ብሎ ያገለገለ ብረት፣ ያውም የፖርሽ ልክ፣ ፖርሽ ለመምሰል ሲባል በሳፋ ተለወጠ! ዋናውን አውጥቶ ጥሎ አምሳያውን በውጭ ምንዛሪ መግዛት! ቸርኬ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። የአያቶቹን የዋንዛ በር ነቅሎ የላሜራ የሚገጥመውን፣ መሶቡን አውጥቶ የፕላስቲክ የሚያስገባውን ሁሉ እዚያ ገደል አፍ ላይ ሆኜ ረገምኩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሲበቃኝ ውኃ ሰጠኝ።

አይሱዙ መጣ። ልጁ መኪናውን ትቼ አልሄድም ስላለ አበባውን ታቅፌ ዛሪማ የወረድኩት እኔ ነኝ። ጎሚስታው ሽማግሌ ነው፤ ቸርኬውን አገላብጦ አየው።

«የምንድን ነው?»

«የፖርሽ።»

«ፖርሽ የማን ነው?»

«የቮልስ ልጅ።»

«እደግ» አለና ሥራውን ጀመረ። ጎማ መፈልቀቂያው ከአሮጌ ባሌስትራ የተቆረጡ ሁለት ብረቶች ናቸው። ወደ አሉሚኒየሙ ሲያስጠጋቸው ቆም አለ፤ ራሱ ላይ የጠመጠመውን ሻሽ ፈታ፣ አጣጥፎ ከብረቱ ስር አደረገው። እንደ አራስ ልጅ ቀስ አድርጎ ፈለቀቀው። የተሰነጠቀውን ከውስጥ ለጥፎ፣ ካላማዳሪ አስገብቶ፣ በእጅ ፓምፕ ነፋልኝ። እንዲያም ሆኖ አንዱ ቅጠል ላይ የጥፍር ያህል ጫረው። ሒሳብ ስጠይቀው ሻሹን አራግፎ እየጠመጠመ «ለሠርግ አይደል የመጣችሁት? ዝም በል» አለኝ።

ሠርጉ ላይ የደረስነው ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ነው፤ ጠላው ግን አልሄደም ነበር። ልጁ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነሥቶ በስልክ መብራት ጭረቱን ሲያይ አይቼዋለሁ። እውነት ለመናገር ጠዋት በዛሪማ ፀሐይ ሳየው አበባው ያምራል። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም።

አምስተኛውን ባለ 130 ቸርኬ እስከ ዛሬ አላገኘም። ነጩ ስኮርታ አሁንም መስታወት ያጥባል። እኔም ጠዋት ጠዋት «ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ስሰማ ከቤት ወጥቼ ማዳበሪያው ውስጥ አያለሁ። እስካሁን ሦስት የተበሳ ድስትና አንድ የብስክሌት ፔዳል አግኝቻለሁ። ያያችሁ ካላችሁ አራት ናቸው፤ ቀለማቸው ነጭ፣ ቀዳዳቸው አምስት፣ ክቡ 205። ሳፋዎቹን እመልሳለሁ።