ገላጋይ የሌለው ጠብ

በዲላ ከተማ ጠብ ሁለተኛ ዙር ደርሶ አያውቅም። አንደኛውም ዙር ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በልብስ ማውለቅ ነው። ተጣዪው መጀመሪያ ጃኬቱን ያወልቅና የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ያዥ ሲገኝ ሰዓቱን ይፈታል፤ ለሰዓቱም ሌላ ያዥ ይፈለጋል። ጃኬት ያዡና ሰዓት ያዡ እዚያው በቆሙበት ገላጋይ ሆነው ይሾማሉ። ቀጥሎ ተጣዪው «ልቀቁኝ!» ይላል፤ ማንም አልያዘውም። ትንሽ ጠብቆ፣ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ፣ «ልቀቁኝ አልኩ እኮ!» ሲል ነገሩ የገባቸው ሦስት ሰዎች ሮጠው ይይዙታል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባላጋራውም በሌሎች ሦስት ሰዎች ተይዞ ያንኑ እየጮኸ ነው። ስምንት ሰው ላብ በላብ ሆኖ አንድ ቡጢ ሳይሰነዘር ይበተናል። ማታ ሁለቱም ለየሰፈራቸው «ባይዙኝ ኖሮ» እያሉ ያወራሉ።

የእህቴ ልጅ ግን ገላጋይ በሌለበት መደባደብ አማረው። የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ተፈትኖ ውጤት በሚጠብቅበት ክረምት እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር፤ ሥራ የፈታ ልጅና ቻርጅ የተደረገ ስልክ አንድ ላይ ሲገኙ ደግሞ ምን እንደሚመጣ የታወቀ ነው።

«ጋሼ፣ ኳሱን ይተዉት። አሁን ያለው ኤምኤምኤ ነው። ነገ ዓለም የሚያወራላቸውን ተፋላሚዎች ዛሬ ላሳይዎት» ብሎ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

እኔ ድብድብ የተማርኩት ቪዲዮ ቤት ነው፣ በጣውላ አግዳሚ ላይ፣ ከፊት ለፊቴ ረጅም ሰው ተቀምጦ። መምህሬ ብሩስ ሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው «ኢንተር ዘ ድራገን» ሲጀምር ብሩስ ሊ ጣት የሚያሳይ ጓንት አጥልቆ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጋር ይጋጠማል፤ በመጨረሻም መሬት ላይ ጥሎ፣ ክንዱን ቆልፎ እጅ ያሰጠዋል። ልጁ ይህን ስነግረው ዘሎ ተነሣ። ጓንቱም፣ መጣሉም፣ መቆለፉም ዛሬ ኤምኤምኤ (ድብልቅ ማርሻል አርት) የሚባለው ነገር ነው፤ ዩኤፍሲ የሚባለው ድርጅት ግን በዴንቨር ከተማ የመጀመሪያውን ውድድር ያካሄደው ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ለካስ ዘመናዊውን ስፖርት ቀድመን አይተነዋል! ችግሩ፣ ከቪዲዮ ቤቱ ስንወጣ ከብሩስ ሊ የያዝነው ጩኸቱን ብቻ ነበር።

ሕጉን አስረዳኝ። ኬጅ በሚሉት ባለ ስምንት ማዕዘን የሽቦ አጥር ውስጥ ሁለት ሰው ይገባል። አንድ ዙር 5 ደቂቃ ነው፤ ተራው ግጥሚያ 3 ዙር፣ የሻምፒዮናው 5 ዙር። ቡጢ፣ ካልቾ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ጠረባ፣ ትግል፣ ማነቅ ይፈቀዳል። የታነቀ ሰው ከበቃው መሬቱን ወይም የባላጋራውን ገላ በእጁ መታ መታ ያደርጋል።

«ቴስታስ?» አልኩት።

«ክልክል ነው።»

አዘንኩ። የኛ ትውልድ ትጥቁ ቴስታና ካልቾ ነበር፤ ግማሹን ቀሙን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንኳ ይፈቀድ ነበር አሉ፤ መንገድ የሚያሳየን አጥተን ቀረን።

«በሩስ ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

«እና ገላጋዩ በየት በኩል ይገባል?»

«ገላጋይ የለም እኮ ጋሼ!» አለ፤ ዳኛ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም አንዱ ራሱን መከላከል እስኪያቅተው ድረስ ቆሞ ያያል።

ስፖርቱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የልጁን ስም ዝርዝር በራሴ ሚዛን መመዘን ጀመርኩ። ማን ጠንካራ ቡጢ አለው፣ ማን ስንት አሸነፈ የሚለውን ለባለሙያ ትቼ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ይህ ልጅ ዙሪያውን ገልመጥ ሲያደርግ የሚይዘው ሰው ቢያጣ ምን ይሆናል?

የመጀመሪያው ስም ራውል ሮሳስ ጁኒየር ነበር። ሜክሲኮ-አሜሪካዊ ነው፤ ከዩኤፍሲ ጋር የተፈራረመው ገና በ17 ዓመቱ ነው። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. 18 ሞልቶት ገባና በአንደኛው ዙር ባላጋራውን እጅ አሰጥቶ አሸነፈ፤ በድርጅቱ ታሪክ ከእሱ ባነሰ ዕድሜ የተፋለመ አልነበረም። አራት ወር ቆይቶ ከክርስቲያን ሮድሪጌዝ ጋር ሲገጥም ግን ያለ የሌለ ጉልበቱን በአንደኛው ዙር ጨረሰ፤ ቀሪዎቹን ዙሮች ትንፋሽ ሲያሳድድ ቆየና ሦስቱም ነጥብ ሰጪ ዳኞች ፈረዱበት። የእህቴ ልጅ ይቺን ግጥሚያ ሊዘላት ፈለገ። እኔ ከሁሉ የወደድኩት እሷን ነው። በአምስተኛው ወር ተመልሶ ቀጣዩን ሰው በ54 ሰከንድ ጣለው። እንግዲህ ይህ የሚታይ ልጅ ነው፤ ገላጋይ እንደሌለ አንዴ በገዛ ሰውነቱ ያረጋገጠ ሰው ሁለተኛ ትንፋሹን አያባክንም።

«በ18 ዓመቱ እኮ ነው ጋሼ!» አለኝ።

በዚያው በ2015 የኛም የ18 ዓመት ልጆች ከባድ ግጥሚያ ነበረባቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ ስልክ በሌለበት፣ አጎት በሌለበት፣ «ሦስተኛው ቢ ነው» ብሎ በመስኮት የሚያንሾካሹክ በሌለበት ተሰጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ይህን ስነግረው ልጁ ውጤት እየጠበቀ እንደሆነ ትዝ አለውና ፈጥኖ ወደ ሁለተኛው ተፋላሚ ተሻገረ።

ጆሹዋ ቫን በምያንማር ተወልዶ፣ በልጅነቱ በስደት አሜሪካ ገብቶ፣ ቴክሳስ ሂውስተን ያደገ ነው። የዩኤፍሲን ቀበቶ ሲታጠቅ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2025፣ ገና 24 ዓመቱ ነበር። ሻምፒዮኑ አሌሻንድሬ ፓንቶዣ ወድቆ ክንዱ በመጎዳቱ ግጥሚያው 26 ሰከንድ ብቻ ፈጀ። የሚወዳደርበት ክብደት ጣሪያው 56.7 ኪሎ ነው።

እዚህ ላይ የዲላ ሰው በውስጤ ነቃ። ለውጭ ገበያ የሚላክ አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የቡና መጋዘኖቻችን ጫኝና አውራጅ በየቀኑ ከዓለም ሻምፒዮን ከ3 ኪሎ በላይ የሚከብድ ነገር ትከሻው ላይ አውጥቶ፣ ጣውላ ወጥቶ፣ መኪና ላይ ይጥላል፤ ሻምፒዮኑን የሚጥለው ሰው ግን በዓለም ተፈልጎ የሚገኝ አይመስልም! ልጁን ይዤ ወደ አንድ መጋዘን ሄድኩ። ደረቱ በር የሚያህል ጎልማሳ መርጠን ነገሩን አዋየነው። ጀማሪ ተፋላሚ ለመግባቱ ብቻ 10 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ካሸነፈ ደግሞ ያንኑ ያህል በላዩ እንደሚያገኝ ነገርነው። ጥቂት አሰበና፦

«ጌታዬ፣ እኔ የለመድኩት ጆንያ ነው» አለ። «ጆንያ መልሶ አይማታም።»

ከመጋዘኑ ወጥተን ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት እናት እንሰት ሲፍቁ አየን። ዘመም ካለው ጣውላ ፊት ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸውን ሽቅብ ሰቅለው ቅጠሉን በተረከዛቸው ጣውላው ላይ ረግጠዋል፤ በሁለት እጃቸው በያዙት የቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ይገፉታል። ይህን ከጠዋት እስከ ማታ ይሠሩታል። የእህቴ ልጅ ተቀምጦ በእግር መፋለም ጂዩጂትሱ የሚባል ትልቅ ጥበብ እንደሆነ፣ ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲም የመጀመሪያውን የዩኤፍሲ ውድድር በአንድ ሌሊት ሦስት ሰው አስገብሮ ያሸነፈው በዚሁ እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። ሁለታችንም የእኚያን እናት ተረከዝ አይተን ተያየን። ሐሳቡን ለእሳቸው ለማቅረብ ግን ድፍረቱ አልነበረንም።

በእርግጥ ጥንካሬ ብቻውን ተፋላሚ አያወጣም። ፍራንሲስ ንጋኑ ካሜሩን ውስጥ ባቲዬ በምትባል ስፍራ በልጅነቱ አሸዋ ሲዝቅ አደገ፤ ሰሃራን አቋርጦ ፓሪስ ሲደርስ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ያድር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዩኤፍሲ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ዚምባብዌያዊው ቴምባ ጎሪምቦ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲያሸንፍ ባንክ ያለው ገንዘብ 7 ዶላር ከ49 ሳንቲም መሆኑ ተሰማ፤ ታሪኩን የሰማው የፊልም ተዋናይ ድዌይን ጆንሰን ማያሚ ላይ ቤት ገዝቶ ሰጠው። ሁለቱም ኬጅ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት በሩ ተዘግቶባቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው። በቅርቡ ደግሞ፣ ሲጀመር ንጋኑ በሊቀመንበርነት ይመራው የነበረው የአፍሪካ ሊግ፣ ፒኤፍኤል አፍሪካ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 በኬፕታውን ተጀምሮ ወደ ኪጋሊም ብቅ ብሏል። ከኪጋሊ ዲላ ምን ያህል ነው? በሞያሌ በኩል ቢመጣ አስፋልት ላይ ነን።

ልጁ በዚህ ተስፋው አበበ። «እኛስ ምን ይጎድለናል?» አለ። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ ተፋልሟል። ትግል ከገናና ከገበጣ ጋር የባህል ስፖርት ውድድራችን አካል ነው፤ ሳይሸነፍ 29 ጊዜ ተፋልሞ በክብር የወጣው ካቢብ ኑርማጎሜዶቭም ተራራማዋ ዳጌስታን ያሳደገችው ታጋይ ነው። ተራራ ከሆነ የኛው የጌዴኦ ገደል አለ፤ መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበውን ያን ዳገት፣ ከዋርካው ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና ይዞ የቆመውን፣ ለቀማ ሲደርስ ሕፃን ሽማግሌው በባዶ እግሩ ይወጣዋል።

የሚጎድለን ነገር እንደሌለ አምኛለሁ። ችግሩ የተረፈን ነገር መኖሩ ነው፦ ገላጋይ። ጌዴኦ ሶንጎ አለው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው በዳይንም ተበዳይንም ያዳምጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ነገር እስኪሰማ ድረስ አይነሡም። የዩኤፍሲ ሦስት ዳኞች ግጥሚያው ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ ፈርደው ይሄዳሉ። የሶንጎ ሽማግሌ ተሸናፊው እያጉረመረመ ከሄደ ሥራው አልተጠናቀቀም። የኛ ገላጋይ ደግሞ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ እናውቃለን፤ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል የየትኛውም ሰፈር ጃኬት ያዥ አልበቃም። ስለዚህ መንገድ ላይ «ልቀቁኝ» የሚለውን ሰው መሳቂያ ባደርገውም፣ ሮጠው የሚይዙትን ሦስቱን ሰዎች ግን አልስቅባቸውም።

ለዚህ ነው የእህቴን ልጅ ስም ዝርዝር መልሼ ሰጥቼው የራሴን የጀመርኩት። ከዲላ ሊወጣ የሚችለው፣ ዓለም ዛሬውኑ ዓይኑን ሊጥልበት የሚገባው ጀማሪ፣ ዳኛ ነው። ሄርብ ዲን የሚባል ታዋቂ የኤምኤምኤ ዳኛ በዓለም ዙሪያ እየዞረ በሁለት ጎረምሶች መካከል ገብቶ «በቃ» ስላለ ይከፈለዋል። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ በነጻ፣ ያለ ጓንት፣ አንዳንዴም ልጅ አዝለው የሚሠሩ ሰዎች በየማዕዘኑ ሞልተዋል።

ልጁ ትንሽ ተከራከረኝ። «የዲላ ዳኛማ ከመጀመራቸው በፊት ያስቆማቸዋል» አለ። እውነቱን ነው፤ ሕጉ በጥቂቱ መሻሻል አለበት። ግጥሚያው ከተቋረጠ በኋላ ዳኛው ሁለቱንም አስቀምጦ «አንተ ምን ብለኸው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጎረቤት ይመሰክራል፤ ከዚያ ይታረቃሉ። ተመልካች ይሰለቻል የሚል ካለ ስፖንሰር አዘጋጅቼለታለሁ፤ ይርጋጨፌ ቡና እዚያው ኬጁ መሐል ይፈላል። አንደኛው ዙር አቦል፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ።

«የሻምፒዮናውስ?» አለኝ። «እሱ እኮ አምስት ዙር ነው።»

የሻምፒዮናውን ዲላ አታስተናግድም። በረካ ከተጠጣ በኋላ ምርቃት ነው፤ ከምርቃት በኋላ ደግሞ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል።