ረቡዕ በላ ኮሩኛ

መሪጌታ የምላቸው የጉዞ ባልንጀራዬ ማዕርጉን ያገኙት ከእኛ ከወዳጆቻቸው ነው እንጂ፣ በልጅነታቸው ከቅኔ ቤት የወጡት ዘረፋው ሳይሰምርላቸው እንደ ሆነ ራሳቸው ያወሳሉ፤ ይሁን እንጂ ሕገ ኦሪትንና ሥርዓተ ጾምን በተመለከተ ከእርሳቸው ጋራ ለማዕድ የተቀመጠ ሰው ያለ ተግሣጽ ተነሥቶ አያውቅም። ከሚኖሩበት ከማድሪድ በባቡር ተነሥተን በእስፓንያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ወዳለችው ወደ ላ ኮሩኛ የወረድነው፣ ሮማውያን ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ያቆሙትንና ዛሬም ሌሊት ሌሊት ለመርከበኞች የሚያበራውን የሄርኩለስን ግንብ ለማየት ሲሆን፣ ቀኑ ረቡዕ መሆኑን እኔ ረስቼው ነበር፤ እርሳቸው አልረሱትም።

ግንቡ 55 ሜትር ያህል ሽቅብ የተመዘዘ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የሮማውያን ሥራ አይመስልም፤ ጃኒኒ የተባለ መሐንዲስ ከ1788 እስከ 1791 ባሉት ዓመታት አርጅቶ የተራቆተውን አካል አዲስ የድንጋይ ካባ አልብሶታልና። ቢሆንም በጥንት ዘመን በውጭ በኩል ዙሪያውን ይወጣ የነበረው መንገድ ፈጽሞ እንዳይረሳ፣ በግድግዳው ላይ ሰያፍ መቀነት የመሰለ ምልክት ትቶለታል። አገሬው ሄርኩለስ ጌርዮን የተባለውን ግፈኛ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ተዋግቶ ከገደለው በኋላ ራሱን እዚህ ቀበረው እያለ ይተርካል፤ ከግርጌው ባለው አለት ላይ ግን ተረት ያልሆነ ጽሕፈት አለ፤ ጋይዮስ ሴቪዮስ ሉፖስ የሚባል የሉሲታንያ ተወላጅ፣ የሕንፃ ሊቅ፣ ስእለቱን ለማርስ ማግባቱን ይናገራል።

«ስእለቱስ ደርሶለታል» አሉ መሪጌታ፣ ጽሕፈቱን ካስተረጎምሁላቸው በኋላ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ለጣዖት መሳሉ ነው የሚያሳዝነው። ደግሞ ስሙን መጻፉ! የላሊበላን አለት የፈለፈሉት ስማቸውን የት ጻፉ?»

ደረጃው 234 ነው። እኔ የዕድሜዬን ማነስ ላሳይ ብዬ ቀደም ቀደም ብዬ ስወጣ፣ መቶውን ካለፍሁ በኋላ ጉልበቴ ከድቶኝ፣ አንድ እጄን ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ በየደረጃው እጎነበስ ጀመር፤ መሪጌታም ደረጃውን በመቁጠሪያቸው እየቆጠሩ፣ ትንፋሻቸው ሳይለወጥ፣ «በርታ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። የአየርላንድ ሰዎች ጥንታዊ ትርክት የብሬዮጋን ልጅ ኢት በአንድ የክረምት ምሽት ከዚህ ማማ ላይ ሆኖ አገራቸውን አሻግሮ አየ ይላል፤ እኔ አሻግሬ ያየሁት ጉም ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ዓይኔን የሸፈነው ከባሕር የመጣው ጉም ይሁን ከድካም የመጣው አልለየሁም።

ከዚያ ወርደን፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ በባሕሩ ዳር ስንንሸራሸር ቆይተን፣ ከግንቡ ብዙም ወዳልራቀ አንድ ምግብ ቤት ገባን። በደጃፉ አንዲት ወፍራም እመቤት ከትልቅ የመዳብ ጋን ፊት ቆማ፣ ስምንት እግር ያለውን ኦክቶፐስ በሜንጦ ይዛ ሦስት ጊዜ ከሚፍለቀለቀው ውሃ እያጠለቀች ታወጣለች፤ ቆዳው እንዳይላጥ ነው አሉ። የበሰለውንም በመቀስ እየቆራረጠች በእንጨት ሳሕን ላይ ታደርገውና የወይራ ዘይት፣ የተከሰከሰ አሞሌ የሚመስል ጨውና ቀይ የበርበሬ ዱቄት ትነሰንስበታለች። መሪጌታ ወደ ጋኑ ጎንበስ ብለው ሲመረምሩ ቆዩ።

«ክንፍ አለው?»
«የለውም።»
«ቅርፊትስ?»
«እሱም የለው።»
«እግር ብቻ ነዋ! በኦሪት የተከለከለ ነው፤ ደግሞም ረቡዕ ነው» ብለው ለእርሳቸው ድንች፣ ለእኔ የፓድሮን ቃሪያ አዘዙልን።

ይህ ቃሪያ አውራ ጣት የሚያህል፣ በወይራ ዘይት ተጠብሶ ጨው የሚነሰነስበት ሲሆን፣ ዘሩን ከአሜሪካ ያመጡት ፍራንሲስካውያን መነኮሳት ናቸው ይባላል። (በርበሬያችንም ከዚያው አህጉር የመጣ ነው፤ በእርሱ ስንኩራራ ይህን አንናገርም።) አሳላፊዋ አንዳንዱ ያቃጥላል፣ አንዳንዱ አያቃጥልም ብላ ብታስጠነቅቀኝ፣ በሚጥሚጣ ያደገ ሰው በእስፓንያ ቃሪያ ሊፈራ አይገባውም ብዬ አሥሩን እንደ ቆሎ ቃምኋቸው፤ አሥራ አንደኛው ግን ጌርዮን ከነራሱ የተቀበረበት ኖሮ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ እንባዬ ወረደ፣ ላንቃዬ የእኔ መሆኑ ቀረ። አሳላፊዋም እየሮጠች አንድ ብርጭቆ ወተት አመጣችልኝ።

ወተቱን አየሁት። መሪጌታን አየኋቸው። ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝ። ጠጣሁት።

ብዙ ዝም አሉ። ከመስኮቱ ውጭ መሽቶ ኖሮ፣ የግንቡ መብራት አራት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጥቂት ይጠፋል፣ ደግሞ አራት ጊዜ ብልጭ ይላል።

«እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ንስሐ አልሰጥም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ዛሬ ደረጃው ላይ ስንት ጊዜ ጎነበስህ?»
«መቶ ሠላሳ ያህል።»
«እንግዲያውስ ስግደቱን ከፍለሃል።»
«ጥፋቱ ሳይሠራ ስግደቱ ይከፈላል እንዴ፣ መሪጌታ?»
«መብራቱስ የሚበራው መርከቡ ሳይመጣ አይደለም?» ብለው፣ ይህች መልስ በቅኔ ቤት ሳሉ ባለመምጣቷ የተቆጩ መስለው፣ የቀረውን ድንች ወደ ራሳቸው ሳቡ። የዚህ አገር ድንች ቀላ ማለቱንና ጣዕሙም የተለየ መሆኑን እያደነቁ፣ በዳቦ ዘይቱን ጠርገው ጨረሱት። እኔም እመቤቲቱ ድንቹን ከዚያው ከመዳቡ ጋን፣ ከስምንቱ እግሮች መካከል፣ በጭልፋ ስታወጣው ባየሁ ጊዜ ዝም እንዳልሁ፣ አሁንም ዝም አልሁ።