ምጣድ ላይ የተጋገረ ቢላዋ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ ስንቱን ሾፌር አስለቅሷል። ለእኔ ግን የብረት ማዕድን ነው። የጭነት መኪና ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከሥሩ «ቀው» ብሎ የሚሰበር ባሌስትራ፣ ሾፌሩ እየተራገመ ከመንገድ ዳር የሚወረውረው፣ ጎጃም ውስጥ በነጻ ከሚገኝ ብረት ሁሉ ምርጡ ነው። ሰው ሲያዝን እኔ ጎንበስ ብዬ አነሣለሁ። ነውር መሆኑን አላጣሁትም።

ብረት ሁሉ ብረት አይደለማ! ባሌስትራ ከመቶው 0.6 ያህሉ ካርቦን ነው፤ የሞረድ ደግሞ ከ1 ያልፋል። ለግንብ የምንገዛው ፌሮ ግን ብዙውን ጊዜ የዚህን ግማሽ እንኳ አያገኝም። ካርቦን የሌለው ብረት በእሳት አይጠነክርም። ፌሮን አግላችሁ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት የሚተርፈው ነገር ቢኖር መታጠቡ ነው።

ከማድ ቤታችን ጀርባ በጥቂት ጡብና በከሰል አንድ ምድጃ አቁሜአለሁ። ወናፍ ስላልነበረኝ የእህቴን ልጅ የፀጉር ማድረቂያ ተዋስሁ። ልጅቱ የውበት ሳሎን አላት። ዕቃውን ስትሰጠኝ አናቴን ቀና ብላ አይታ፣ «ጋሼ፣ ለየትኛው ፀጉር ነው?» አለችኝ። ማድረቂያው ከሰሉን እስኪያገሳ ድረስ ያነደዋል፤ ችግሩ ብረቱ ሊደርስ ሲል መብራት ይጠፋል። የፍየል ቆዳ ወናፍ ግን እስከ ዛሬ ጠፍቶ አያውቅም።

ብረቱ መድረሱ በምን ይታወቃል? ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የነቀልሁትን ማግኔት በሽቦ አንጠልጥዬ አስጠጋዋለሁ። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ከዚያ በኋላ ባሌስትራው ትንሽ ይጨመርለትና ከ800 ሲያልፍ ዝግጁ ነው። ይህን የፊዚክስ ሕግ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን በአጥር ቀዳዳ አዩብኝ። ቀድሞ ይጣበቅ የነበረው ማግኔት ቀዩን ብረት እንደማያውቀው ሰው አለፈው። እሜቴ የልጅ ልጃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑና «በስመ አብ!» ብለው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ሳልፍ የሚሸፈነው ሕፃን በዛ። ዘራችን ከሸማኔም ከቀጥቃጭም አይነካካም ብለው ይኩራሩ የነበሩ ዘመዶቼ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

የእኔስ ቀልድ ነው። የሠፈራችን ቀጥቃጭ ግን ዕድሜውን ሙሉ ይህን የቡዳ ስም ተሸክሞ ኖሯል። ጎጆው ጨለማ ነው፤ ሰው ደግሞ «ማታ ጅብ የሚሆን ሰው ብርሃን ምን ያደርግለታል?» ይላል። ጨለማውን የፈለገው ለቀለሙ ነው። ደማቅ ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ቅላቱ ይደበዝዛል፤ ጥላ ውስጥ ግን የትኛው ቅላት በቂ፣ የትኛው የበዛ እንደሆነ ዓይን ይለየዋል። ከልክ በላይ የጋለ ብረት ውስጡ ይሻክራል፤ በኋላ በቀላሉ ይሰበራል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ወደ ጉንደ ወይን ሲመጣ መንገድ ላይ ባሌስትራ ሰብሮ የቀረ ይመስለኛል። ማረሻውን ያስቀጠቀጠው ገበሬ ዋልካውን ገልብጦ ጤፉን ይዘራል፤ እንጀራውን ሲበላ ግን ልጁን ከቀጥቃጩ ዓይን ይሸሽጋል።

ወደ ምድጃዬ ልመለስ። ባሌስትራን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር አደጋ አለው፤ ድንገት ሲቀዘቅዝ «ጢን» ብሎ ይሰነጠቃል። ዘይት ረጋ አድርጎ ያቀዘቅዘዋል። በእኛ አገር ዘይት ማለት ኑግ ነው። ለብ ያለ የኑግ ዘይት ውስጥ ቀዩ ብረት ሲገባ የሚወጣው ጢስ ሽታው ከጾም ወጥ ቁሌት አይለይም። በሁዳዴ ቢላዋ የነከርሁ ዕለት ሁለት ጎረቤቶች ምሳ ሰዓት ላይ «ለሰላምታ» ብቅ አሉ። ቁጭ ብለው ጠበቁ፤ ቢላዋ እንጂ ወጥ አልወጣም። አንደኛው ሲሄድ፣ «እንዲህ ያለ ዘይት ለብረት!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በዘይት ዋጋ ከመጣ የምመልስለት መልስ የለኝም።

ከዘይቱ የወጣው ቢላዋ በሞረድ ይፈተናል። ሞረዱ ከነከሰው ገና ለስላሳ ነው፤ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። የእኔው ተንሸራተተ። ታዲያ ደስታው ገና ነው፤ በዚህ ሁኔታ ያለ ቢላዋ መሬት ላይ ቢወድቅ ይሰበራል። እንደገና በልኩ ሞቆ ከጥንካሬው ትንሽ መልቀቅ አለበት። ቀጥቃጩ ይህን የሚያደርገው ስለቱን ብቻ ነክሮ፣ በጀርባው የቀረው ሙቀት ወደ ስለቱ ሲመጣ ፈግፍጎ ባጸዳው ብረት ላይ የሚሄደውን ቀለም እያየ ነው፤ ገለባማ ቢጫ 220 ዲግሪ ገደማ፣ ቡናማ 255፣ ሰማያዊ 300 ያህል። ሰማያዊው ለባሌስትራ፣ ቢጫው ለስለት ነው። እኔ ደግሞ አሰብሁ፤ ቤታችን ውስጥ 200 ዲግሪ ገደማ እየደረሰ ሰዓታት የሚቆይ ነገር ምንድን ነው?

የኤሌክትሪክ ምጣድ! ባለቤቴ ሊጥ ይዛ ስትመጣ ምጣዷ መሐል ላይ ቢላዋ ተኝቶ፣ አክንባሎ ተደፍቶበት አገኘች። «ይኸ ደግሞ የማን አገር እንጀራ ነው?» አለች። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ እንዲሉ፣ ቢላዋውን ወርውራ ብትመታኝ ደስ ባላት፤ ምጣዱ እንዳይሰነጠቅ ስትል ተወችው። ያ ቢላዋ ገለባ መስሎ ወጣ። አሁን ሽንኩርት የምትከትፈው በእሱ ነው፤ ከየት እንደመጣ ግን ለእንግዳ አትናገርም።

በፈረንጅ አገር ይህ ሁሉ በቁጥር ይታወቃል። ሂዩና ስታንሊ ሮክዌል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኩሽኔታ ቀለበት በትክክል መጠንከሩን የሚለይ መሣሪያ ፈጥረው እ.ኤ.አ. በ1919 የባለቤትነት መብት አገኙበት። ዛሬ መሣሪያው ሾጣጣ አልማዝ በ150 ኪሎ ጭኖ ምን ያህል እንደጠለቀ ይለካና ቁጥር ይሰጣል፤ ጥሩ ሞረድ 65 ገደማ፣ ጥሩ የማድ ቤት ቢላዋ ከ55 እስከ 60። ጉንደ ወይን ገበያ ላይ አልማዝ የለም፤ ስለዚህ ሞረድ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ። እንደ መስተዋት የሚያበራ ቢላዋ አንሥቼ ጫፉን ስነካው አንዳንዱ ወዲያው ብናኝ ያወርዳል። ሻጩ ጎረምሳ፣ «ጋሼ፣ ይገዛሉ ወይስ ይሞርዳሉ?» ይለኛል። አሁን አሁን ሩቅ ሳለሁ ያዩኝ ሻጮች ዕቃቸውን በሸራ መሸፈን ጀምረዋል። ሕፃናቱ ሲሸፈኑ እንዲህ አልተከፋሁም።

እናንተም ቢላዋ ስትገዙ ትንሽ ሞረድ ያዙ። እጀታው አጠገብ ካለው የስለቱ ጥግ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት፤ በቀላሉ ከነከሰው ጥላችሁ እለፉ። ቀጥቃጭ ዘንድ ከሄዳችሁ ደግሞ ሞረዱን ራሱ ያውሳችኋል። ብቻ ሒሳቡን ለመከር አታቆዩበት፤ ለእሱ ከሰል የሚሸጥለት በጥሬ ገንዘብ ነው።