አያ ጅቦ የከሰረባት ጎጆ

በአንበሳ መንግሥት የጋራው ጎተራ ቁልፍ በሸንጎው እጅ ነበር። ለጦርና ለጋሻ የሚወጣው እህል ሸንጎው ሳይፈቅድ አይሰፈርም። ከአባላቱ ሁሉ የተፈራው ንስር ነው፤ በወጣትነቱ በሰማይ ላይ ጠላት የጣለ ጀግና ስለሆነ፣ እሱ ስለ ጦር ሲናገር የሚከራከረው የለም። ጦር አቅራቢው ደግሞ አያ ጅቦ። ትናንት ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ ዛሬ ከጎተራው የሚጭኑለት አህዮች ሰልፍ ማለቂያ የለውም።

ንስር ጎጆውን ሸጦ ትልቅ ግቢ ገዛ መባሉን እመት ጃርት ሰማች። አላደባችም፣ አልሰለለችም፤ ርስት መዝገብ ቤት ሄዳ ተራ ያዘች። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ክፍት የሆነን ነገር ደግሞ ማን ያየዋል? የገዢው ስም የማታውቀው ማኅበር ሆነባት። ወደ ነጋዴዎች መዝገብ ተሻገረች። የማኅበሩ ባለቤት አያ ጅቦ! በ1,675 ቁና ጤፍ ገዝቶ ወዲያው ለገበያ አውጥቶታል፤ ወራት አስቆጥሮም በ975 ሸጦታል።

ጃርት 700ዋ ቁና ላይ ቀረች። አጥንት እንኳ ሳያደቅ የማይተው ጅብ፣ የጎጆ ዋጋ በየቀኑ በሚንርበት ዘመን ይህን ሁሉ አጥቶ ትንፍሽ አላለም። ትርፍ መደበቅማ የነጋዴ ወግ ነው። ኪሳራውን ያለ እሮሮ የዋጠ ነጋዴ ግን ሌላ ቦታ አትርፏል። ያ ሌላ ቦታ የት እንደሆነ ሦስተኛው መዝገብ፣ የጎተራው ወጪ መዝገብ ነገራት። አህዮቹ እንዲጫኑ አጥብቆ የተሟገተው ንስር ነበር።

ቁጥሮቹን እኔ አልፈጠርኳቸውም። ዱሩ ካሊፎርኒያ ነው፣ ቁናውም ሺህ ዶላር። እ.ኤ.አ. በ2005 ጋዜጠኛው ማርከስ ስተርን የምክር ቤት አባሉን የራንዲ ከኒንግሃምን የቤት ሽያጭ ከሕዝብ መዝገብ መዝዞ አወጣ። ሻጩ በቬትናም ጦርነት ስም ያተረፈ ተዋጊ አብራሪ፣ ገዢው የመከላከያ ተቋራጩ ሚቸል ዌድ ነበሩ። ዐቃቤ ሕግ በኋላ ያቀረበው ወረቀት ደግሞ የጉቦ ዋጋ ዝርዝር የተጻፈበት ነው፦ ለ16 ሚሊዮን ዶላር ውል፣ 140,000 ዶላር የምታወጣ ጀልባ። ያውም የምክር ቤቱ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ! ተረት ጸሐፊ ይህን ቢፈጥር አዘጋጁ አልተዋጠልኝም ብሎ ይሰርዝበት ነበር። ከኒንግሃም በ2006 ስምንት ዓመት ከአራት ወር ተፈረደበት።

በእኛም ዱር ንስር ታሰረ። የጎተራው ጠባቂ ውሾች አያ ጅቦ ካለፈ በኋላ እስኪነጋ ጮኹ። ሸንጎው በማግሥቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«የተከበራችሁ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። መዝገቡ ለመንገደኛ ሁሉ ባይከፈት ኖሮ ይህ ሁሉ ውርደት ባልደረሰብን። ለአባላት ደኅንነት ሲባል ይዘጋ።»

ብዙ ራስ በስምምነት ተነቀነቀ። ጅራት ያለውም ጅራቱን ቆላ። እመት ጃርት ከበሩ አጠገብ ድምፅዋን አሰማች።

«አያ ቀበሮ፣ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አምና የሸጧትን ጉድጓድ የገዛዎት ማን ነበር?»