ቀበሮዋ ቡና ትወዳለች

የባሌ ቀይ ቀበሮ ከሳነቴ አምባ ወርዳ፣ ሃረና ደን ገብታ፣ የቡና ዛፍ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብላ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ጎባ ተወልደው ጎባ ያረጁ አዛውንቶችን ጠይቄ ነበር፤ ሳቁብኝ። መሳቃቸው ካለማወቅ ነው። ቀበሮዋ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ዛፍ በማይደፍረው ብርድ ላይ እንደምትኖር፣ ቀለቧም ፍልፈል እንደሆነ ያምናሉ። የሃረና የጫካ ቡና ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች፣ ትልልቅ ዛፎች ሥር እንደሚበቅል ይናገራሉ። በሁለቱ መካከል የአስታ ቁጥቋጦ፣ ኮሶ፣ ቀርከሃ፣ የሪራ መንደርና ጆሮ የሚደፍን ቁልቁለት አለ ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ሽፋን ላይ አያምርም።

ሠዓሊ እገሌ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ቀበሮዋንና ቡናውን አንድ ገጽ ላይ አገናኝቶ፣ በጠንካራ ሽፋን አስጠርዞ፣ «የሃረና የንድፍ ደብተሬ» ብሎ ለባዛር አቅርቧል። እገሌ አንድ ሰው አይደለም። ስም ብጠራ የምረሳቸው ይቀየሙኛል።

ከባሌ ጋር ያለው ትውውቅ ጥልቅ ነው። ዓርብ ከሰዓት ሮቤ አየር ማረፊያ ይወርዳል፣ እሑድ ይሳፈራል። ቅዳሜን ለሳነቴ ሰጥቷታል። ከጎባ በኮንትራት መኪና ሽቅብ ሲወጣ አምባው በጉም ታፍኖ ይጠብቀዋል። ጉም አስቸጋሪ ነገር ነው። እርሳስ የያዘ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስኪገለጥ መጠበቅ ሊኖርበት ነው፤ 4,000 ሜትር ላይ ደግሞ ጣት ይደነዝዛል፣ አፍንጫ ይፈስሳል፣ ወረቀት ይርሳል። ታዲያ ጥበብ ማለት ችግርን መሻገር አይደል? እገሌ የመኪናውን መስኮት እንኳ ሳይከፍት በስልኩ ያነሣና ይሻገረዋል። ቀበሮዋ በጣም ሩቅ ስለነበረች፣ ማታ ሆቴሉ ገብቶ ኢንተርኔት ላይ ቀረብ ያለች ቀይ ቀበሮ ይፈልጋል። ያገኛት የአውሮፓ ብትሆንስ? ቀይ ናት፣ ቀበሮም ናት። ባሌን የማታውቅ መሆኗ የእሷ ጉዳይ ነው።

ቱሉ ዲምቱንም አልረሳውም። 4,377 ሜትር ላይ የተቀመጠው ይህ የባሌ ቁንጮ ለዓይን እምብዛም አይደነቅም፤ ሰፊ ጀርባ ያለው፣ መኪና አናቱ ድረስ የሚወጣበት፣ የቴሌ ማማ የተተከለበት ጉብታ ነው። እንዲህ ያለ ተራራ መጽሐፍ አይሸጥም። እገሌ ጎኑን ላጭቶ፣ ጫፉን አሹሎ፣ እስከ ወገቡ በረዶ አለበሰው። ማማውን ነቀለው። ቴሌ ይቅርታ ያድርግለት።

ከሁሉ ግን የዲንሾ ውለታው ይበልጣል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ዲንሾ ነው፣ የደጋ አጋዘንም እዚያ እንደ ልብ ይታያል፤ ለሠዓሊ ከዚህ የበለጠ በረከት የለም፣ እንስሳው ራሱ ቆሞ ይጠብቃል። እገሌ ከመኪናው ወርዶ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ቆመ። ግልገሏን ያስከተለች እናት ነደፈና ጠምዘዝ ያለ ቀንድ አበጀላት። የደጋ አጋዘን ሴቷ ቀንድ የላትም። ተፈጥሮ የዘነጋችውን ጥበብ አሟላ እንበል።

የንድፍ ደብተር፣ ሠዓሊዎች ሲያቆላምጡት ስኬች ቡክ፣ በድሮ ዘመን ለማንም የማይታይ ነገር ነበር። አንድ እግር ዐሥር ጊዜ ተነድፎ ዐሥር ጊዜ የሚሰረዝበት፣ ጥግ ላይ የዳቦ ሒሳብና የሰው ስልክ ቁጥር የሚጫርበት ነበር። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ተማሪን ከሰል አስይዞ ሞዴል ፊት ሲያስቀምጥ ኖሯል፤ እጅ ከመሮጡ በፊት ዓይን ይልመድ ተብሎ። ያ ሁሉ ልፋት አለፈ። ዛሬ ደብተሩ የሚነደፈው ለሽያጭ ስለሆነ ስሕተቱም በዕቅድ ይሠራል። እገሌ በመጀመሪያ ንጹሕ ሥዕል ይሠራል። ቀጥሎ ንድፍ እንዲመስል ዙሪያውን ይሞነጫጭረዋል። ከዚያ ቦሌ ካፌ ተቀምጦ፣ ማኪያቶውን ፉት እያለ፣ በተቻኮለ የእጅ ጽሕፈት «ሳነቴ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል!» ብሎ ጥጉ ላይ ይጽፋል። በመጨረሻም የሲኒውን ቂጥ ገጹ ላይ ያሳርፋል። የቡና ክብ የሌለበትን ደብተር ማን ያምናል? ክቡ ስካን ተደርጎ በሺህ ቅጂ፣ በሺሁም ላይ ገጽ 23 ቀኝ ጥግ፣ ፀጉር ሳይዛነፍ ታትሟል። ከመጽሐፉ ውስጥ በእርግጥ ከሃረና የመጣ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ካፌው የይርጋ ጨፌ ቡና የሚያፈላ ካልሆነ።

አንዴ ሹፈቴን ላቁምና፣ በራስ ገንዘብ ማሳተም ነውር አይደለም። ንድፍ በራሱ ወጪ የሚያሳትም አሳታሚ እዚህ አገር መፈለግ ጭንቅ ነው። አከፋፋዩ ልብ ወለድ እንጂ የሥዕል መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ማቆየት አይወድም፤ አርት ወረቀቱም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስንት ደግ መጽሐፍ በባለቤቱ ዕዳ ታትሟል። ዕቁቡን አውጥቶ፣ ከእህቱ ተበድሮ፣ ያየውን ለማሳተም የሚደፍር ሠዓሊ ጀግና ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ያላየውን ለማሳተም የሚበደረው ነው። ዕዳው ያው ነው፣ ብርዱ ግን ቀርቶለታል።

ማተሚያ ቤት የሚቆጥረው በፎርም ነው፤ አንዱ ፎርም 16 ገጽ። እገሌ 70 ገጽ ይዞ ሲሄድ «80 አድርገው፣ ወረቀቱ ይባክናል» ይሉታል። ዐሥሩን በምን ይሙላው? አራቱን ምስጋና ወሰደው፤ ሚስቱ፣ አማቱ፣ ሾፌሩ፣ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ፣ «ስማችሁን ያልጠቀስኳችሁ ሁሉ»። ሦስቱን የታዋቂ ሰዎች አስተያየት ወሰደው። አስተያየት ሰጪዎቹ መጽሐፉን አላዩትም፣ ገና አልታተመማ። የቀሩት ሦስት ገጾች ባዶ ሆነው «ለአንባቢ ንድፍ የተተወ» ተባሉ። ከደብተሩ ሁሉ የወደድኩት እነዚህን ሦስቱን ነው። አንድም ስሕተት የለባቸውም።

የምረቃው አዳራሽ ከሥዕሎቹ ይልቅ ታስቦበታል። መሰንቆ አለ፣ ግጥም አለ፣ የታሸገ ውሃ አለ። የክብር እንግዳው አርፍደው ይመጡና የንባብ ባህላችን ስለ መዳከሙ ይናገራሉ። ቀጥሎ ሐያሲ ይነሣል። የእገሌ መስመሮች ከነባራዊው ወደ ውስጣዊው እንደሚፈስሱ፣ ቀበሮዋ ከቡናው ሥር መቀመጧም የስደተኛ ነፍስ ተምሳሌት እንደሆነ ያብራራል። ቀበሮዋ ስደተኛ መሆኗን በዚህ ትሰማለች። ከዚያ ጨረታ ይመጣል። የመጀመሪያዋ ቅጂ ትቀርባለች፣ አንድ ባለሀብት በደህና ገንዘብ ይገዟታል፣ ወዲያው «ድጋሚ ትሸጥ» ብለው ለመድረክ መሪው ይመልሷታል። ጭብጨባው ጣሪያ ያነሣል። ገዝተው ሳይወስዱት በመቅረታቸው ከአዳራሹ ሁሉ ብልሁ እሳቸው ናቸው።

ለቀረው ታዳሚ ይሉኝታ አለለት። የዚህ አገር ትልቁ መጽሐፍ አከፋፋይ ይሉኝታ ነው፤ ኮሚሽን አይጠይቅም፣ ተመላሽ አይቀበልም። መውጫው በር ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ የእገሌ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። እሳቸውን በባዶ እጁ አልፎ የሚወጣ አንጀት ያለው ማን ነው? የመሥሪያ ቤት ጓደኛ አንድ ይገዛል፣ የዕድር ጎረቤት አንድ፣ የእገሌን ብድር ፈላጊ ሁለት። በማግሥቱ በመሥሪያ ቤቱ አለቃ ቢሮ መስኮት ላይ ሦስት ቅጂ ይታያል፤ መስኮቱ በነፋስ እንዳይዘጋ ይይዛል። መጽሐፍ ጥቅም የለውም የሚል ይምጣ ይይ።

አንዱም አልተገለጠም። መገለጥም አይችልም፤ በላስቲክ ታሽጓል። ይህ የሥልጣኔያችን ጫፍ ነው፣ ሌላው ዓለም ገና አልደረሰበትም። ቶኪዮ ላይ ኮሚኬት የሚባል ገበያ አለ፤ በታኅሣሥ 1975 እ.ኤ.አ. ሲጀመር 32 ቡድኖች ራሳቸው ያሳተሙትን ይዘው ቀርበው 700 ያህል ሰው መጣላቸው፤ ዛሬ ሕዝቡ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። በ1970 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የሳንዲያጎው ኮሚክ ኮንም ሠዓሊ ጠረጴዛ ይዞ የንድፍ ደብተሩን ይቸበችባል። እነዚህ ምስኪኖች ደብተሩን ገልጠው ያሳያሉ! ገዢው አገላብጦ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ መልሶ አስቀምጦት ይሄዳል፤ የሠዓሊው እናት በአካባቢው የሉም። ይባስ ብሎ አንዳንዱ «እስቲ እዚሁ አንድ ነገር ሳልልኝ» ይላል፣ ሠዓሊውም አቀርቅሮ ይስላል። እገሌን እንዲህ ያለ ድፍረት ቢገጥመው «ስልኬ ባትሪ ዘግቷል» ብሎ በክብር ይመልሳል።

እገሌ የባሌን ውለታ ግን አይረሳም። ከምረቃው የተረፈውን ካርቶን ጭኖ ሮቤ ባዛር ይመጣል፣ ከብርድ ልብስና ከፕላስቲክ ወንበር ሻጮች መሐል ድንኳን ይይዛል። ከካርቶኑ አንዱ ቅጂ ላስቲኩ ተቀዶ ኖሮ፣ በጡረታ ደጃፍ ላይ ያሉ አንድ የፓርክ ስካውት አንሥተው ይገልጡታል።

«ልጄ፣ ይቺ የት ያለች ናት?»

«ሳነቴ ናት ጋሼ። የእርስዎው አገር።»

«የእኛዋ የጭራዋ ጫፍ ጥቁር ነው። የዚች ነጭ ሆነ። እግሯም አጠረብኝ።»

«ጥበባዊ ነፃነት ነው ጋሼ።»

«እሺ። ይቺ አጋዘንስ በወለደች ማግሥት ቀንድ ያበቀለችው እሱው ነፃነት ነው?»

«በትክክል!»

«ስንት ነው ታዲያ?»

«ለእርስዎ አምስት መቶ ብር።»

«ነፃነቱ ተወደደ» ብለው መልሰው አስቀመጡትና ብርድ ልብስ ወዳለበት አለፉ።

እኚህ ሰው እርሳስ ይዘው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በማየት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ ነው፤ እሳቸው ከእነዚህ ብዙዎቹን በጉድጓዳቸው ያውቋቸዋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ቀጥሎ በ2003፣ እንደገና በ2008 ከመንደር ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ሲፈጅ በዚያ አምባ ላይ የነበሩት እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ናቸው። ሳነቴ ላይ አንድ ሳምንት ደብተር ይዞ የተቀመጠ ሠዓሊ ከብቱን ተከትሎ የሚወጣውን ውሻ ያይ ነበር፤ ሣሩ የተጋጠበትን፣ አስታው የተቃጠለበትን ያይ ነበር። ቀበሮዋንም ሆዷን መሬት አስነክታ ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ ስትጠብቅ ያያታል። እሷ ፍልፈሉ ብቅ እስኪል በብርድ ትጠብቃለች፤ እገሌ እሷ ብቅ እስክትል መጠበቅ አቃተው። ያ ውሻና ያ የተጋጠ ሣር ቢነደፉ ለቀበሮዋ አንድ ነገር ይሠሩ ነበር። ነገር ግን ውሻ ሽፋን ላይ አይሸጥም፣ የክብር እንግዳም ስለ ውሻ ክትባት ንግግር አያደርግም። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ግን እገሌ በፍጥነት ደርሷል፤ ለሁለተኛው ኅትመት ሽፋኑ ላይ «ዩኔስኮ» የሚል ቃል በወርቅማ ቀለም አስጨምሯል። ቀንዱ እንዳለ ነው።

እኔም ዳር ቆሜ አልቀርም ብያለሁ። የራሴን የሃረና የንድፍ ደብተር ላሳትም ነው፤ አምስት ፎርም፣ 80 ገጽ፣ ከገጽ 23 የሲኒ ምልክት በቀር ሁሉም ባዶ። ቀበሮ የለበትም፣ ስለዚህ ጭራዋን የሚነቅፍ ስካውት አይመጣብኝም። ሐያሲ አነጋግሬአለሁ፤ ባዶው ገጽ የሳነቴ ጉም ነው ብሎ አርባ ደቂቃ ሊናገር ተስማምቷል። አስተያየት ሰጪዎቹም ልከውልኛል፣ ሦስቱም «ጥልቅ» ብለውታል። ላስቲኩ ታዟል። እናቴ ነጠላዋን አጥባ ተዘጋጅታለች። ምረቃው ሮቤ ነው፤ መግቢያ በነፃ፣ መውጫ አምስት መቶ ብር።