ብስክሌት ወዳጆች፦ ከቆመች ብስክሌት አጠገብ የተደረገ ጥናት

በአዲስ አበባ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎችና ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ወገኖች መሆናቸው እስካሁን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። የሚነዳው ዳቦ የሚያደርስ ወይም የታክሲ ሰልፍ ያንገሸገሸው ሰው ነው፤ ስለ ብስክሌቱ ሲጠየቅ “ትሄዳለች” ብሎ ይሄዳል። ለጥናት አይመችም። የሚወደው ግን ሳይጠየቅ ይናገራል፣ ቢያቋርጡትም ይቀጥላል። ይህ ጥናት በእሱ ላይ ያተኮረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ብስክሌት ወዳጁን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። የሌላ ሰው ብስክሌት አጠገብ ሲደርስ ከሰላምታ በፊት የላይኛውን ቱቦ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ይመዝናል፣ ከንፈሩን ጠበብ ያደርጋል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ሰላምታው ከዚያ ይቀጥላል። ዕድሜውን በተመለከተ የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ደግራንዥ ከመቶ ዓመት በፊት ፍንጭ ሰጥቶናል። ደግራንዥ ማርሽ መቀያየር ዕድሜያቸው ከ45 በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚገባ ነገር ነው ብሎ ያምን ስለነበር ማርሽ መቀየሪያን ከውድድሩ አስወጥቶ ኖረ፤ የተፈቀደውም ውድድሩን ለሌላ ካስረከበ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ሰውዬው ስለ እሽቅድምድም ሳይሳሳት አልቀረም። ስለ ገበያው ግን ከእሱ የተሻለ የተነበየ የለም፤ ዛሬ ባለ 24 ማርሿን ከነባትሪዋ የሚገዛት ያው ከ45 በላይ የሆነው ሰው ነው።

የጥናቱ ዋና ግኝት ቢዘገይ ስለማይጠቅም እዚሁ ይቀመጥ። ለብስክሌት ወዳጅ መንዳት ማለት ቀጥሎ ምን መቀየር እንዳለበት ለማወቅ የሚደረግ የመረጃ ማሰባሰብ ሥራ ነው። ዋናው ሥራ መምረጥ፣ መግጠም፣ ማጥበቅና ማላላት ሲሆን የሚከናወነውም በረንዳ ላይ ነው። ለዚህ የሚቀርበው ማስረጃ ቀላል ነው፦ በፍጥነት የሚነዱ ሰዎች አይመርጡም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የነዳው ቡድኑ የሰጠውን ብስክሌት ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚሁ ውድድር የሦስት ቀን ውሎ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድም የተቀመጠው ስፖንሰር ባቀረባት ላይ ነበር። ፍሬም ማማረጥ፣ ጎማ ማወዳደር፣ በአንድ ኮርቻ ላይ ሦስት ሳምንት መወያየት የማያሸንፍ ሰው ብቻ የሚያገኘው መብት ነው፤ ወዳጃችንም መብቱን ሙሉ በሙሉ ይጠቀማል።

ዕቃው ከየት ይመጣል? መርካቶ ያለው ለሚነዱት ነው። ለወዳጁ የሚሆነው የሚመጣው በሻንጣ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሁለት ሻንጣ፣ ለእያንዳንዱም 23 ኪሎ ይፈቀድለታል፤ ቫይታሚኑ፣ ሎሽኑ፣ የእህት ልጆች ስኒከርና የሠርግ ልብሱ ከገቡ በኋላ የሚተርፈውን ክፍተት ብስክሌት ወዳጁ ትኬቱ ሳይቆረጥ ጀምሮ አስይዞታል። ርክክቡ ሲደረግ አጥኚው በቦታው ነበር። እንግዳዋ ሻንጣውን ከፍተው መሀሉ ቀዳዳ የሆነ የካርቦን ኮርቻ አወጡና ፊታቸው ተለወጠ።

“ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ መንገድ ላይ ተቀዶብኛል መሰለኝ።”

“አይ እትዬ፣ ሲሠራም እንዲህ ነው።”

“መሀሉ የለም እኮ!”

“ዋጋው የተወደደው መሀሉ ስለሌለ ነው።”

ገንዘቡን በካርዳቸው የከፈሉት እሳቸው ስለነበሩ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገሩም።

ኮርቻው ከተገጠመ በኋላ ከፍታው ይሰላል። ከአሜሪካዊው የቱር አሸናፊ ከግሬግ ለሞንድ ስም ጋር የሚነሣ ቀመር አለ፤ የእግር ውስጠኛ ርዝመት በ0.883 ይባዛል። ለመለካት ግድግዳ ተደግፎ መቆምና ወፍራም መጽሐፍ በእግር መሀል ወደ ላይ ጥብቅ አድርጎ መያዝ ግድ ነው። ለዚህ ተግባር የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት እጅግ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል፤ መጽሐፉ ሳይገለጥ ያገለገለበት ሌላ የትምህርት ዘርፍ አላጋጠመንም። 84 ሴንቲ ሜትር የለካ ሰው 74.2 ያገኛል። ቅዳሜ 74.2 ይደረጋል። እሑድ ጉልበቱ ትንሽ የተሰማው ስለመሰለው 74.0 ይሆናል። ማክሰኞ፣ ብስክሌቷ ከቤት ሳትወጣ፣ ወደ 74.1 ትመለሳለች። ለዚህ ጠባይ ታላቁ ቤልጂጋዊ ኤዲ መርክስ በምስክርነት ይጠራል፤ እሱም በውድድር መሀል እየነዳ ኮርቻውን ከፍ ዝቅ ያደርግ ነበር። መርክስ እንዲህ የሚያደርገው እ.ኤ.አ. በ1969 ወድቆ ጀርባው ስለተጎዳ ነው። የእኛ ወዳጅ ጀርባው ደህና ነው፤ ይህ ግን ከማስተካከል አላገደውም።

ወደ ክብደት እንለፍ። በርካታ ሺህ ብር የሚወጣባቸው አብዛኞቹ ለውጦች 200 ግራም ገደማ ለመቀነስ የታለሙ ናቸው። ሰውዬውና ብስክሌቷ ተደምረው 85 ኪሎ ቢሆኑ ይህ ከአንድ ፐርሰንት ሩቡን እንኳ አይሞላም። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እንጦጦ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት ሰው፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ 4 ሰከንድ ገደማ ያተርፋል። እነዚህ 4 ሰከንዶች የት እንደሚገቡ በመስክ ምልከታ ተደርሶበታል። እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናት “አይዞህ ልጄ፣ ደረስክ” ይሉታል። “እግዜር ይስጥልኝ እማማ” ብሎ ለመመለስ፣ በተለይ ትንፋሽ ለቆረጠው ሰው፣ ከ4 ሰከንድ በላይ ያስፈልጋል። (የእናትየው ሸክም ስንት ኪሎ እንደሆነ በዚህ ጥናት አልተካተተም።) ከመነሣቱ በፊትም 750 ግራም ውሃ በኮዳው ሞልቷል፤ ውሃ ግን ከመደብር የተገዛ ዕቃ ስላልሆነ በሂሳቡ አይገባም።

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከ6.8 ኪሎ የቀለለች ብስክሌት ለውድድር እንዳትቀርብ ደንግጓል። ወዳጁ ይህን ደንብ አበጥሮ ያውቃል፤ የእሱ 7.4 መሆኗም እንቅልፍ ነስቶታል። ለውድድር የጠራው ግን የለም።

ከክብደት ቀጥሎ የሚያሳስበው አየር ነው፤ ይህን ክፍል ያለ መርክስ ማለፍ አይቻልም። መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳው ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ ሄዶ ነው። ጣሊያናዊው ኤርኔስቶ ኮልናጎ የሠራለት ብስክሌት መሪዋና ካቴናዋ ሳይቀር ለመቅለል ሲባል ተበሳስተው ከ6 ኪሎ በታች ወርዳ ነበር። ሜክሲኮ የተመረጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ስለሆነች፣ አየሩም ስለሚሳሳ ነው። እንግዲህ የእኛው ሜክሲኮ አደባባይ ከዚያኛው ሜክሲኮ ከፍ ይላል። መርክስ ውቅያኖስ ተሻግሮ የፈለገውን ስስ አየር የአዲስ አበባ ሰው ሲወለድ ጀምሮ በነጻ ያገኘዋል። ወዳጁ ግን በነጻ የተገኘ ነገር ስለማያረካው አየር የሚሰነጥቅ ሄልሜት አዝዟል። ሄልሜቱን አድርጎ ሜክሲኮ ላይ ታይቷል፤ በሁለት ሚኒባሶች መሀል ቆሞ መብራት እየጠበቀ ነበር።

ስለ ጎማ አጭር እንሁን። ቀጭንና ድንጋይ እስኪመስል የተነፋ ጎማ ይፈጥናል ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን ኖሮ አሁን ሰፋ ያለውና ለስለስ ያለው በሻካራ መንገድ ላይ የተሻለ መሆኑ ታውቋል። ፈረንጆቹ ፓሪስ–ሩቤ በሚባለው ውድድር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጩ ይውላሉ፤ ውድድሩን ጨርሰው የሚያለቅሱም አሉ። የአዲስ አበባ ሰው በዚያው ዓይነት ንጣፍ ላይ ዳቦ ገዝቶ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ጥናት በረንዳው ሲጠበው ወደ ማድ ቤት ይዘልቃል። ካቴናን በዘይት ማራስ ኋላቀርነት ነው ተብሎ ስለተደመደመ አሁን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በቀለጠ ፓራፊን ሰም ውስጥ ይነከራል፤ በዚህም ጥቂት ዋት ኃይል ይተርፋል። ሰሙ የሚቀልጥበት ድስት ግን ተመልሶ ሽሮ አይሠራበትም፤ ይህ ኪሳራ በየትኛውም የዋት ስሌት ውስጥ ሲጠቀስ አላየንም። ነገሩን ያባባሰው ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ ነው። ኦብሪ በገዛ እጁ በሠራትና ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የወጣ ኩሽኔታ በገጠመላት ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1993 ኖርዌይ ውስጥ በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር ነድቶ የሰዓቱን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚህ ታሪክ ጤነኛ ሰው የሚወስደው ትምህርት ውድ ዕቃ እንደማያስፈልግ ነው። ወዳጁ የወሰደው ሌላ ነው፤ ታሪኩን ለባለቤቱ ባወራ ማግስት ወይዘሮዋ ማሽኑ ያለበትን ክፍል ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ሥራ ሄደዋል።

አሁን የጥናቱ እምብርት ወደሆነው ወደ “ቅጭ” እንመጣለን።

“ቅጭ” ብስክሌቷ ውድ ከሆነች ብቻ የምታሰማው ድምፅ ነው። ዳቦ አመላላሹ የሚነዳት ሁለመናዋ ስለሚንቋቋ አንዱን ድምፅ ከሌላው ለይቶ የሚጨነቅ የለም። የካርቦኗ ግን ዝም ማለት ስላለባት አንዲት ቅጭ ሰላም ትነሣለች። ተጠርጣሪው ሁልጊዜ የፔዳሉ ኩሽኔታ ነው፤ እሱም ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ ይህ ኩሽኔታ በጥርስ ተጠምዝዞ ይገባ ነበር። ከዚያ ኩባንያዎቹ ጥርሱን ትተው በግፊት ወደሚሰካ አሠራር ሄዱ፤ አንዱ የቀዳዳውን ስፋት 41፣ ሌላው 42፣ ሌላው 46 ሚሊ ሜትር አደረገው፤ መንቋቋት ሲበዛ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ጥርሱ ተመለሱ። የአንዱ ለሌላው ስለማይሆን በየዙሩ አዲስ መሣሪያ ይገዛል፤ መሣሪያውም በሻንጣ ይመጣል።

አጥኚው የተከታተለው ታካሚ ቅጯን የሰማት ወደ ሳሪስ ሲሄድ፣ ቀኝ እግሩ ወደ ታች ሲወርድ ነው። ወረደ። ብስክሌቷን ገልብጦ ጆሮውን ቱቦው ላይ ለጠፈ። ፔዳሉን በእጁ አዞረ፤ ዝም። ወጥቶ ነዳ፤ ቅጭ። ቤት ገብቶ ኩሽኔታውን አስወጣ፣ አጸዳ፣ ጥብቀት በሚለካ ቁልፍ በተባለው ልክ አጠበቀ። ቅጭ። ፔዳሎቹን ቀየረ። ቅጭ። ካቴናው አዲስ ሆነ፤ ሰሙ ፈሰሰ፤ ቅጭ። በዚህ መሀል ሁለት ወር አለፈ፣ ክረምትም ገባ፤ እሱ ግን በሕይወቱ እንደዚያ ደስተኛ ሆኖ አያውቅም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ሦስት ወዳጆቹ በየሳምንቱ እየመጡ ያዳምጡለት ነበር፤ አንዱ በስልኩ ቀድቶ ወስዶ ማታ ማታ ይሰማት ጀመር።

ፈውሱ የመጣው ከማይጠበቅ ወገን ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ሳፋ ውሃና አንድ መንፊያ ይዞ ጎማ የሚጠግን ልጅ አለ። ወዳጁ ሲያልፍ ልጁ ቀና ሳይል ተናገረ።

“ጋሼ፣ ከኮርቻው ነው።”

“ከታች ነው የሚመጣው፤ እየሰማሁት።”

“ካርቦን ድምፅ ያመላልሳል። እስቲ ከኮርቻው ተነሥተው ይንዱት።”

ተነሥቶ ነዳ፤ ጸጥ አለ። ልጁ መሀሉ የሌለውን ኮርቻ የያዘውን ብሎን ፈቶ በጣቱ ግሪስ ቀባውና መልሶ አጠበቀው። 50 ብር ጠየቀ። ታካሚው ገንዘቡን እየቆጠረ ግሪሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀ፤ ልጁ ጣሳውን አሳየው፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ወዳጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ ፊቱ ላይ የታየው እፎይታ አልነበረም። ምንም ሳይገዛ ነገሩ አልቆበት ነበር። በዚያው ሳምንት ሦስቱ ወዳጆች ሲመጡ የሚያዳምጡት ጠፋ፤ ቡና ጠጥተው ተለያዩ።

ጸጥታው የሚያስከትለውን ነገር ለመመልከት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። ብስክሌቷ እንከን ባጣች በወሩ ለሽያጭ ቀረበች። ማስታወቂያው የኮርቻውን፣ የኩሽኔታውንና የካቴናውን ዝርዝር ከነግራማቸው ካስቀመጠ በኋላ በመጨረሻው መስመር “እንደ አዲስ፤ ብዙ ያልተነዳች” ይላል። ገዢው ቅዳሜ ጠዋት መጣ፣ በሁለት ጣቱ አነሣት፣ ከንፈሩን ጠበብ አደረገ፣ ኮርቻዋን እንደሚቀይረው ተናገረ፣ በዋጋ ተስማሙ። ቤቱ ቁልቁለቱን ወርዶ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ራይድ ጠርቶ ጭኗት ሄደ።